ማን፣ ምን፣ የት? ስለ ሰብዓዊ እርዳታ መረጃና ቅንጅት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወረዳ ላይ ሪፖርት የሚሞሉ ባለሙያዎች፣ ኤንጂኦ ውስጥ አዲስ የተቀጠሩ ልጆች፣ ውጭ አገር ሆነው ለአገር ቤት ገንዘብ የሚያሰባስቡ ማኅበራት፣ አንዳንዴም እርዳታ የሚጠብቁ ሰዎች ራሳቸው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። አንዱ መልስ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። ጥያቄዎቹም እኩል አይከብዱም።

«ኢንፎርሜሽን ማኔጅመንት» ማለት የኮምፒውተር ጥገና ነው እንዴ?

አይደለም። ግን ይህን ሥራ ከሚሠሩት መካከል «ፕሪንተሩ እምቢ አለኝ፣ እስቲ እየው» ያልተባለ የለም።

አደጋ ሲደርስ ስንት ሰው ተጎዳ? የት ነው ያለው? ምን ጎደለው? ማን እየረዳው ነው? ማን ጋ እስካሁን አልተደረሰም? የመረጃ ባለሙያ የእነዚህን መልስ ከየቦታው ይሰበስባል። ያጣራል። ያገጣጥማል። ከዚያ በካርታ፣ በሠንጠረዥ ወይም በአንድ ገጽ ጽሑፍ ለሚወስነው ሰው ያቀርባል።

«ለሚወስነው» የምትለዋ ላይ ይሰመርልኝ። ማንም ምንም የማይወስንበት ሠንጠረዥ የሞላውን ሰው ጊዜ ከመብላት ውጪ ጥቅም የለውም። አዲስ ፎርም ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ዓምድ ቢሞላ ማን ምን ይቀይራል?» ብዬ ነው። መልስ ካልተገኘ ዓምዱ ይሰረዝ ባይ ነኝ።

ኦቻ እርዳታ ያከፋፍላል?

በአብዛኛው አያከፋፍልም። ኦቻ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ነው። ስንዴም ድንኳንም የለውም። ሥራው ስንዴ ያለውንና ድንኳን ያለውን ማገናኘት፣ ስብሰባ መጥራት፣ ካርታና ሪፖርት ማውጣት፣ ለጋሾችን መጎትጎት ነው። ለድርጅቶች የሚያከፋፍላቸው የጋራ የገንዘብ ቋቶች ግን አሉ።

መነሻው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1991 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው ውሳኔ 46/182 ነው። በዚያው ዓመት የሰሜን ኢራቅ ኩርዶች ወደ ተራራ ሲሰደዱ እያንዳንዱ ድርጅት በየፊናው ሲሮጥ ታይቶ ነበር። በውሳኔው መሠረት አንድ ዋና አስተባባሪ ተሾመ፣ በሥሩም መምሪያ ተቋቋመ። መምሪያው በ1998 የዛሬውን ስም ያዘ።

ውሳኔው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገርም አለው። እርዳታውን የመጀመር፣ የማደራጀትና የማስተባበር ቀዳሚው ኃላፊነት የተጎዳው አገር መንግሥት ነው ይላል። እኛ አገር ይህን ቦታ የያዘው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። «ዩኤን ይወስናል» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የትም አያደርስም።

ክላስተር የሚሉት ነገርስ?

እርዳታው በዘርፍ ሲከፈል እያንዳንዱ ዘርፍ ክላስተር ይባላል። በዓለም ደረጃ 11 ነበሩ። ጤናን የዓለም ጤና ድርጅት፣ ውኃና ንፅህናን እንዲሁም አልሚ ምግብን ዩኒሴፍ፣ ትራንስፖርትና መጋዘንን የዓለም ምግብ ፕሮግራም፣ የምግብ ዋስትናን እሱና ፋኦ (የምግብና እርሻ ድርጅት) በጋራ ይመራሉ። መምራት ማለት ግን ማዘዝ አይደለም። ክላስተር መሪ አንድን ኤንጂኦ «እዚያ ወረዳ ሂድ» ብሎ ማስገደድ አይችልም። ካርታውን ዘርግቶ «እዚህ ማንም የለም፣ ማን ይገባል?» ብሎ መለመን ነው ያለው። ስለዚህ ነው ካርታው ጉልበት የሚኖረው።

አሠራሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በዳርፉር ብዙ ድርጅት ገብቶ ሳለ የማንም ያልሆነ ሥራ ሜዳ ላይ ቀርቶ ነበር። የተፈናቃይ ጣቢያ አስተዳደር ለምሳሌ ባለቤት አልነበረውም። በዚያው ዓመት ጥቅምት የፓኪስታን ርዕደ መሬት ሲመጣ ክላስተሮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የስደተኛ ጉዳይ በክላስተር አይመራም። እሱን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት፣ ዩኤንኤችሲአር፣ ያስተባብራል፣ እዚህ አገር ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ጋር ሆኖ። ድንበር ያቋረጠውን ስደተኛና በአገሩ ውስጥ የተፈናቀለውን ሰው በአንድ ሠንጠረዥ ደባልቆ መላክ ከባድ ጣጣ ያመጣል።

በየወሩ ሙሉ የምትሉን «ማን፣ ምን፣ የት» ሠንጠረዥ ምን ይሠራል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጣውም በብስጭት ነው። በቢሮ ቋንቋ ፎር ደብልዩ ወይም ፋይቭ ደብልዩ ይሉታል። ማን እየሠራ ነው፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለእነማን የሚሉትን ይይዛል።

አንድ መስመር እንይ። እንበል አንድ ድርጅት በአንድ የተፈናቃይ ጣቢያ ለ400 አባወራ ሳሙና ሰጠ። ሌላው ለእነዚያው 400 አባወራዎች ጀሪካን አደለ። ሦስተኛው ለዚያው ጣቢያ ውኃ በቦቴ ያመላልሳል። ሦስቱም 400 ብለው ሞሉ። ማንም አልዋሸም። ሠንጠረዡን የተቀበለው ሰው ዝም ብሎ ከደመረው ግን 1,200 አባወራ ደረስን የሚል ሪፖርት ይወጣል። መሬት ላይ ያለው 400 ነው። ስለዚህ በአንድ ቦታ ላይ የተሞሉ ቁጥሮች አይደመሩም፤ ትልቁ ይወሰዳል።

ሌላም አለ። ገንዘቡን የሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አንድ ጊዜ፣ ሥራውን የሠራው ኤንጂኦ ሌላ ጊዜ ያንኑ እደላ ሪፖርት ያደርጋሉ። «ለጋሽ»፣ «አጋር» እና «ፈጻሚ» የሚሉት ዓምዶች ለየብቻ የተቀመጡት ይህን ለመያዝ ነው። ባዶ ከተተዉ ቁጥሩ በእጥፍ ያብጣል። አባወራና ሰው ከተደባለቁ ደግሞ የባሰ ነው። 400 አባወራ በአማካይ አምስት አምስት ቤተሰብ ቢኖረው 2,000 ሰው ነው። አንዱ 400፣ ሌላው 2,000 ብሎ ከሞላ ያንን ማጥራት የአንድ ሙሉ ቀን ስልክ ነው።

በጣም የምጠረጥረው ዓምድ ግን «ሁኔታ» የሚለው ነው። ታቅዷል፣ ተጀምሯል፣ ተጠናቋል። የታቀደን እንደተሠራ መሙላት ቀላል ይመስላል። ውጤቱ ግን ያ ወረዳ በካርታው ላይ «ተሸፍኗል» የሚል ቀለም መቀባቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ድርጅት አይመጣም። ሰዉ ያለ እርዳታ ይቀራል፣ ካርታው ግን ያምራል።

በትክክል ሲሞላ ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። አስፋልት ዳር ያለው ወረዳ ውስጥ አራት አምስት ድርጅት ተደራርቦ፣ መኪና ከማይገባበት ማዶ ያለው ወረዳ ውስጥ ማንም እንደሌለ በአንድ ካርታ ላይ ፍንትው ይላል። ስብሰባ ላይ «ሁሉም ቦታ ደርሰናል» ማለት ያን ጊዜ ይከብዳል።

የወረዳውን ስም ጽፌያለሁ። ለምን ኮድ ትጠይቁኛላችሁ?

ስም ስለማይበቃ። ደሴ ዙሪያን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንት ዓይነት መጻፍ እንደሚቻል ራስዎ ይሞክሩት። ኤክሴል እያንዳንዱን አጻጻፍ የተለየ ወረዳ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። አዳማን ናዝሬት፣ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት ብሎ የሚሞላ ዛሬም አለ። «01 ቀበሌ» ብቻ ብሎ የሚልክም አለ። 01 ቀበሌ የሌለበት ከተማ የት ነው?

ስለዚህ እያንዳንዱ ክልል፣ ዞንና ወረዳ የቦታ ኮድ አለው፤ ባለሙያዎቹ ፒ-ኮድ ይሉታል። የአማራ ክልል ኢቲ03፣ የኦሮሚያ ኢቲ04፣ የአዲስ አበባ ኢቲ14 ነው። የዞኑ ኮድ በክልሉ ላይ፣ የወረዳው በዞኑ ላይ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። ኮዱ ካለ የጤናው ሠንጠረዥ ከምግቡ፣ የምግቡ ከሕዝብ ቁጥሩ ጋር በደቂቃ ይጋጠማል።

ፈተናው ወረዳዎች ሲከፈሉና አዲስ ክልል ሲመሠረት ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ። ከዚያም የደቡብ ምዕራብ ተከተለ፤ በ2015 ደግሞ የቀረው ደቡብ ለሁለት ተከፈለ። በእያንዳንዱ ለውጥ የድሮ ኮድ የያዙ ፋይሎች ከአዲሱ ጋር አልገጥም ይላሉ። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ የድሮ ቴምፕሌት ኮፒ አድርጎ ከመቀጠል በየጊዜው የሚወጣውን የቅርብ ዝርዝር ማውረድ።

ቀኑን በእኛ ልሙላ ወይስ በፈረንጅ?

ፎርሙ የሚለውን ይከተሉ። ፎርሙ ዝም ካለ ደውለው ይጠይቁ። «05/11/2016» ብለው ቢልኩ እርስዎ ሐምሌ 5 ቀን 2016 ማለትዎ ነው፤ በፈረንጅ ጁላይ 12 ቀን 2024። ኤክሴል ግን የ2016 ኖቬምበር ወይም ሜይ አድርጎ ያነበዋል። የዚህ ወር እደላ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ቁጭ ይላል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። መኪናው «በ3 ሰዓት» ይደርሳል ሲባል የውጭ አገሩ የሎጂስቲክስ ሰው ከሰዓት በኋላ መጋዘን ሊከፍት ይችላል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍ፣ ለሰዓቱ «ከጠዋቱ» ብሎ መጨመር ነው መፍትሔው።

አንዱ ሚዲያ 200፣ ሌላው 300 ይላል። የትኛው ነው እውነቱ?

ሁለቱም በተነገሩበት ሰዓት ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ያስታውሱ። ለመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ሊደርሱ የወጡ ጎረቤቶች ላይ ዳግም ናዳ መጣባቸው። የአካባቢው ባለሥልጣናት መጀመሪያ ያሳወቁት የሟቾች ቁጥር በማግስቱ 229 ደረሰ። ኦቻ ሐምሌ 18 ቀን 257 አለ፤ እስከ 500 ሊደርስ እንደሚችልም ገለጸ። ሰዉ በእጁና በአካፋ እየቆፈረ ነበር አስከሬን የሚያወጣው። ቁጥሩ በየሰዓቱ የማይቀየርበት ምክንያት የለም።

ጥሩ ሪፖርት ከቁጥሩ አጠገብ ሦስት ነገር ይጽፋል፦ ማን ቆጠረ፣ መቼ፣ እንዴት። እነዚህ የሌሉትን ቁጥር ፌስቡክ ላይ ከማጋራት መታቀብ ይሻላል። ዓመታት ቢያልፉም የማይታረቁ ቁጥሮችም አሉ። እ.ኤ.አ. የ2010ሩን የሄይቲ ርዕደ መሬት ሟቾች መንግሥት በመጨረሻ 316,000 አላቸው። ለአሜሪካ መንግሥት የተሠራ አንድ ረቂቅ ጥናት ደግሞ ከ46,000 እስከ 85,000 ብሎ ገመተ። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ሕንፃ ፈርሶ፣ መዝገብ ጠፍቶ፣ ሰው በጅምላ ሲቀበር የሚሆነው ይኸው ነው።

በዚህ ሙያ ስልጠና ላይ ሁሌ ሄይቲ ይነሳል። ለምን?

ጥሩውም መጥፎውም በአንድ ቦታ ስለተገናኘ።

ጃንዋሪ 12 ቀን 2010፣ ልክነቱ 7.0 የሆነ ርዕደ መሬት ዋና ከተማዋን ፖርት ኦ ፕሪንስን መታት። የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ዋና መሥሪያ ቤት የነበረው ሆቴል ተደረመሰ። 102 የድርጅቱ ሠራተኞች አለቁ፤ የተልዕኮው መሪም አብረው ሞቱ። ማስተባበር የነበረበት አካል ራሱ ፍርስራሽ ሥር ነበር። የመንግሥት ሚኒስቴሮችም ፈርሰዋል።

ከተማዋ ደግሞ በኢንተርኔት ላይ ደህና ካርታ አልነበራትም። የሳተላይት ምስል ያላቸው ኩባንያዎች ምስሉን በነፃ ለቀቁ። በየአገሩ ያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለው፣ ማንም ገብቶ የሚሞላው የኢንተርኔት ካርታ ላይ ገብተው መንገዱን፣ ድልድዩን፣ የድንኳን ሰፈሩን እየተከተሉ በካርታው ላይ አሰፈሩ። ባዶ የነበረው ገጽ በቀናት ውስጥ ነፍስ አድን ቡድኖች በጂፒኤሳቸው የሚጭኑት ካርታ ሆነ። ሰዉ ደግሞ 4636 ወደተባለ አጭር የስልክ ቁጥር የጽሑፍ መልእክት ይልክ ጀመር፦ እዚህ ሰው አለ፣ እዚህ ውኃ የለም። መልእክቱ በሄይቲ ክሪዮል ነው። አስተባባሪዎቹ አይችሉትም። የተረጎሙት በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ ሄይቲያውያን ናቸው። ሰፈሩንም ስለሚያውቁ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ» የሚለውን መልእክት የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ይለዩ ነበር።

መጥፎው ጎን እነሆ። የክላስተር ስብሰባዎች የሚካሄዱት አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ባለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ነበር። በር ላይ ጠባቂ አለ። መታወቂያ የሌለው አይገባም። ስብሰባው በብዛት በእንግሊዝኛ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ የውጭ ድርጅቶች ሲገቡ የአገሩ ማኅበራት ውጭ ቆሙ። እንግዲህ ሰፈሩን የሚያውቀው ሰው በሩ ላይ ተመልሶ፣ ውስጥ ያለው ሰው ሰፈሩን ከሳተላይት ሲያጠና ማለት ነው። ቴክኖሎጂው ባይኖር ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። ግን የስብሰባው ቋንቋና ቦታም የመረጃ ጉዳይ ነው። ለዚህ ሶፍትዌር መግዛት አያስፈልግም፤ አስተርጓሚ መቅጠርና ስብሰባውን ከግቢው ማውጣት ይበቃል።

እዚህም ቢሆን በዞን ደረጃ በእንግሊዝኛ ስላይድ የሚካሄድ ስብሰባ አልፎ አልፎ ይገጥማል። ከተሰብሳቢው አንድም ሰው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የማይችል ሳይኖር!

ረሃብ አለ ብሎ የሚያውጀው ማነው?

አይፒሲ የሚባል የምግብ እጦት የደረጃ አሰጣጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሶማሊያ ውስጥ ተጀመረ፤ አሁን በብዙ አገር ይሠራበታል። አምስት ደረጃ አለው። አምስተኛው፣ ረሃብ የሚባለው፣ በአንድ አካባቢ ላይ ለመሰየም ሦስት መመዘኛዎች መሟላት አለባቸው። ቢያንስ 20 ከመቶው ቤተሰብ የከፋ የምግብ እጦት ይግጠመው። ቢያንስ 30 ከመቶ ሕፃናት በአጣዳፊ የምግብ እጥረት ይጎዱ። በቀን ከ10,000 ሰው ቢያንስ ሁለት ሰው ይሙት። መመዘኛው ጥብቅ ነው። ሰው እየሞተ ሳለ መረጃው ስላልተሟላ «ረሃብ» የማይባልበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በትግራይ ወደ 350,000 ሰው አምስተኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ትንታኔው ገልጾ ነበር፤ የኢትዮጵያ መንግሥት አልተቀበለውም፣ ረሃብ ተብሎም አልተሰየመም።

ጎን ለጎን ፊውስ ኔት የሚባል የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ አለ። ያቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ከእኛው የሰባ ሰባት ረሃብ በኋላ። በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲታገድ ድረ ገጹ ጠፋ። ወራት ቆይቶ ተመለሰ። በእነዚያ ወራት በምሥራቅ አፍሪካ የሚሠሩ ባለሙያዎች ምን ያህል እዚያ ላይ ተደግፈው እንደነበር አዩት።

ስለ ሰባ ሰባት ስናነሳ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ያኔ መረጃ አልጠፋም ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የራሱ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍል ነበረው። መጋቢት 1976 ዓ.ም. ላይ ለጋሾችን ሰብስቦ ሚሊዮኖች ለአደጋ እንደተጋለጡ ተናግሯል። ለጋሾች ቁጥሩ ተጋኗል ብለው ተጠራጠሩ። መንግሥትም ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ላይ ነበር። ዓለም የነቃው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲ ፊልም ከኮረም ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሶማሊያ ላይም ማስጠንቀቂያው ለወራት ሲወጣ ከርሞ ነበር፤ ረሃቡ የታወጀው በሐምሌ ነው። በዚያ ችግር 258,000 ያህል ሰው እንደሞተ በኋላ ተገመተ፤ ግማሾቹ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ነበሩ። ለዚህ ነው በአሁኑ ጊዜ «የዝናቡ መጠን ከዚህ ከወረደ ገንዘቡ ወዲያው ይለቀቅ» የሚሉ አስቀድመው የተፈረሙ ስምምነቶች የሚደረጉት። ማስጠንቀቂያው ከገንዘቡ ጋር አስቀድሞ ካልታሰረ ፋይል ውስጥ ይቀራል።

ስማችንን፣ ስልካችንን፣ አሻራችንን ወስዳችሁ ነበር። የት ደረሰ?

ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው። አጠያየቁም ተገቢ ነው።

ስጋቱ እውነት ነው። በጃንዋሪ 2022 የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሰርቨር ተሰብሮ ከ515,000 የሚበልጡ ሰዎች መረጃ ተጋለጠ። ሰዎቹ በጦርነትና በስደት ቤተሰብ የጠፋባቸው፣ ዘመድ የሚያፈላልጉ ናቸው። መረጃው የተሰበሰበው ቢያንስ ከ60 አገራት የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ነው። በባንግላዴሽ ደግሞ ዩኤንኤችሲአር የመዘገባቸው የሮሂንጊያ ስደተኞች መረጃ ተመልሶ ለሸሹት ለምያንማር መንግሥት መተላለፉን ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2021 አጋለጠ። ዩኤንኤችሲአር ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ያነጋገራቸው ብዙ ስደተኞች ግን የተመዘገቡት እርዳታ ለማግኘት እንደሆነ ነበር የሚያውቁት።

ስለዚህ ሲመዘገቡ ይጠይቁ፦ ለምን ይጠቅማል? ማን ያየዋል? እምቢ ብል እርዳታው ይቀርብኛል? መዝጋቢው መልስ ከሌለው ኃላፊውን ይጥራ። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ለመዝጋቢዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የተፈናቃዮችን ስም ዝርዝር ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መልቀቅ ይቁም። «አለቃዬ ቶሎ ፈልጎት ነው» ምክንያት አይሆንም። ለካርታና ለዕቅድ የሚያስፈልገው ድምር ቁጥር ነው። ስም የሚያስፈልገው እደላ ላይ ነው፣ እሱም ለአዳዩ ብቻ። በተለይ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ጉዳይ በ«ማን፣ ምን፣ የት» ሠንጠረዥ ላይ በቀበሌ ደረጃ መውጣት የለበትም። በአንድ ትንሽ ቀበሌ «ሦስት» ብሎ መጻፍ ስም ከመጻፍ አይተናነስም።

በየሳምንቱ አንድ ድርጅት መጥቶ ያንኑ ይጠይቀናል። እርዳታው ግን የለም።

ልክ ነው፤ ሰው ይሰለቻል። ሰልችቶትም የሚፈለገውን መልስ መስጠት ይጀምራል። ያኔ ጥናቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መደረግ ያለበት የጋራ ዳሰሳ ነው፦ አንድ ፎርም፣ አንድ ቡድን፣ ውጤቱን ሁሉም ይጠቀምበታል። የወረዳው አደጋ ስጋት ጽሕፈት ቤት «ይኸው ባለፈው ወር የተሠራው፣ መጀመሪያ እሱን አንብቡ» ማለት ይችላል። ማለትም አለበት። የቀበሌ ሊቀመንበሩም ቢሆን ውጤቱን ይዛችሁ ካልተመለሳችሁ ሁለተኛ አትምጡ ቢል አልፈርድበትም።

ውጭ አገር ነን። ማኅበራችን ገንዘብ አሰባስቧል። ምን እናድርግ?

ዋሽንግተንም ሆናችሁ ሪያድ ወይም ቴል አቪቭ፣ ዕቃ ገዝታችሁ ኮንቴነር ከመጫናችሁ በፊት ማን እዚያ እንዳለ እዩ። ሪሊፍዌብ የሚባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሁኔታ ሪፖርቶችን በነፃ ያወጣል። ኤችዲኤክስ የሚባለው የኦቻ የዳታ ቋት ላይ ደግሞ የወረዳ ካርታና ጥሬ ሠንጠረዥ አለ፤ የከፈተው ሁሉ ያወርዳል። አካባቢውን የሚያውቅ አጋር ፈልጋችሁ ገንዘብ ብትልኩ ከአሮጌ ልብስ በብዙ ይሻላል። ልብሱ ጉምሩክ ላይ ሲቆይ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። ከሰጣችሁ በኋላም ምን፣ የት፣ ለስንት ሰው እንደሰጣችሁ ለሚመለከተው ክላስተር ወይም ለወረዳው አሳውቁ። አለበለዚያ ሥራችሁ በካርታው ላይ የለም፣ ሌላው ደግሞ በላዩ ይደርባል።

ገንዘብ የሌለው ወጣት ቅዳሜ ቀኑን ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ይስጥ። የገጠር መንገድና ቤት የሳተላይት ምስል እያየ መሳል ነው፤ በአንድ ከሰዓት ይለመዳል።

እዚህ ሥራ ለመግባት ምን ልማር?

ኤክሴል። ከምር። ፒቮት ቴብልና የሁለት ሠንጠረዥ ማጋጠሚያ ፎርሙላ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ከግማሹ አመልካች ይበልጣል። ቀጥሎ ኮቦ፣ በስልክ ዳታ የሚሰበሰብበት፤ ፎርሙ በአማርኛም ይሠራል። ከዚያ ኪውጂአይኤስ ለካርታ፣ ፓወር ቢአይ ለዳሽቦርድ። ሲቪ ላይ የማይጻፍ ችሎታም አለ፦ ሪፖርቱን ያልላከውን ባለሙያ ሳያስቀይሙ አራት ጊዜ መደወል።

ስለ ቀበሌያችን ያወጣችሁት ቁጥር ተሳስቷል። ለማን ልንገር?

ካርታው ወይም ሪፖርቱ ግርጌ ላይ ብዙውን ጊዜ የአዘጋጁ ኢሜይል አለ። ከሌለ ለወረዳው አደጋ ስጋት ጽሕፈት ቤት ይንገሩ፤ ወደ ዞንና ክልል የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። «ተሳስቷል» ብቻ ብለው አይላኩ። የትኛው ገጽ ላይ ያለ ቁጥር እንደሆነ፣ የቀበሌውን ሙሉ አድራሻ ከወረዳው ጋር፣ እርስዎ ጋ ያለውን ቁጥር፣ ማን መቼ እንደቆጠረው፣ አባወራ ይሁን ሰው ይጻፉ። የስም ዝርዝሩን ግን አያያይዙ።